ለጊታር ፔዳልና ለቲዩብ አምፕ ሬዚስተር አመራረጥ፦ ከድሬ ሠሪ ጠረጴዛ

ያው ጥያቄ እየተመላለሰ ይመጣብኛል። «የሰርኪቱን ስዕል ተከትዬ ሠራሁ፣ ግን ሽሽሽ ይላል።» «አምፑ አንድ ሰዓት ይሠራና መንጣጣት ይጀምራል።» «አንዱ ሬዚስተር ጠቆረ።» ከፍቼ ሳየው ስዕሉ ልክ ነው፣ የመበየጃው ሊድም ደህና ተይዟል። የሬዚስተሩ፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገድበው ዕቃ፣ ኦምም (የመገደብ መጠኑ) ልክ ነው። ዓይነቱ፣ ዋቱ (የሚሸከመው ኃይል) ወይም የሚችለው ቮልት ግን ለቦታው አይሆንም።

ደረጃዎቹን በተራ ሂዱባቸው። ፔዳል ብቻ የምትሠሩ ደረጃ 3ን ዝለሉት። ቲዩብ፣ ማለትም አምፕ ውስጥ ሲግናሉን የሚያጎላውን የመስታወት ቱቦ፣ የምትነኩ ግን አንዱንም አትዝለሉ።

መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ፔዳል በ9 ቮልት ነው የሚሠራው፤ ብትሳሳቱ ዕቃ ታቃጥላላችሁ፣ በቃ። ቲዩብ አምፕ ውስጥ ግን 300 ቮልትና ከዚያ በላይ አለ። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች) ይዘውት ይቆያሉ። ይገድላል።

- ከግድግዳ ንቀሉ። ማብሪያ ማጥፊያውን መዝጋት መንቀል አይደለም።
- አንድ ሙሉ ደቂቃ ጠብቁ።
- 10 ኪሎ ኦም 5 ዋት ሬዚስተር ወስዳችሁ በሁለቱም ጫፉ በደንብ የተሸፈነ ሽቦ በየዱበት። በትልቁ ካፓሲተር ፖዘቲቭና በሻሲው (በብረት ሳጥኑ) መካከል ለ10 ሰከንድ ያዙት። በካቻቪቴ ሾርት አታድርጉ።
- በመልቲሜትር ለኩ። ከ5 ቮልት በታች ካልሆነ እጃችሁን አታስገቡ።
- የግድ በርቶ ሳለ የምትለኩ ከሆነ አንድ እጃችሁ ኪስ ውስጥ ይሁን።

ለድሬ ልጆች አንድ ነገር ልጨምር። ቤት ውስጥ በሽርጥና በባዶ እግር ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ መሥራት ለምዶብናል። ፔዳል ሲሆን ግድ የለም። አምፕ ሲሆን የጎማ ሶል ያለው ጫማ አድርጉ፣ ላባችሁን ጥረጉ። እርጥብ ቆዳ ከደረቅ ቆዳ በጣም የበለጠ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ትራንስፎርመር ሳይኖረው በቀጥታ ከ220 ቮልቱ የሚሠራ አሮጌ አምፕ ካጋጠማችሁ ደግሞ ጊታር አትሰኩበት።

ደረጃ 1፦ ስዕሉን ወደ ወረቀት አውርዱ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት እያንዳንዱን ሬዚስተር በመስመር ጻፉ። ከጎኑ አራት ነገር ይኑር፦ ስንት ኦም፣ የት እንደሚገባ፣ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ስንት ቮልት እንደሚኖር፣ ስንት ዋት እንደሚያስፈልገው። ስዕሉ ላይ ብዙ ጊዜ ኦሙ ብቻ ነው የሚጻፈው። የቀረውን እናንተ ናችሁ የምትሞሉት። 20 ደቂቃ ይፈጃል፣ ሁለት ቀን ያድናል።

ደረጃ 2፦ ዋቱን አስሉ

ስሌቱ አንድ ነው። ቮልቱን በራሱ አባዙት፣ ለኦሙ አካፍሉት። የሚወጣው ዋት ነው።

ፔዳል ላይ፦ 9 ቮልቱ በሙሉ 1 ኪሎ ኦም ላይ ቢያርፍ 81 ለ1000፣ ማለትም 0.081 ዋት ነው። ሩብ ዋት ሬዚስተር ይበቃል፣ ይተርፋልም። ስለዚህ ፔዳል ላይ ከ1 ኪሎ በላይ ላለው ሁሉ ስለ ዋት አትጨነቁ።

አምፕ ላይ ነገሩ ይቀየራል። አንድ 6ቪ6 (የትልቅ ቲዩብ ዓይነት) ብቻ ያለው ትንሽ አምፕ ውሰዱ። የካቶዱ (ኤሌክትሮን የሚለቀው የቲዩቡ ክፍል) ሬዚስተር 470 ኦም ሲሆን በላዩ ላይ 20 ቮልት አካባቢ ይቆማል። 400 ለ470፣ 0.85 ዋት። «እንግዲያው 1 ዋት ይበቃዋል» የሚል ሰው በየሳምንቱ ይቀይረዋል።

ደንቤ ይህ ነው፦ ፔዳል ላይ የወጣውን ቁጥር በ2 አባዙ፣ አምፕ ውስጥ በ3። ከዚያ ወደሚቀጥለው ትልቅ መጠን እለፉ። የ0.85 ሦስት እጥፍ 2.55 ነው። 3 ዋት ዝቅተኛው፣ 5 ዋት ደግሞ የሚመከረው ነው። ሬዚስተር ላይ የተጻፈው ዋት የሚሠራው በዙሪያው ያለው አየር እስከ 70 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ አቅሙ ይወርዳል። ግንቦትና ሰኔ ላይ የኛ አየር ጥላ ውስጥም 35 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚያ ላይ የቲዩቦቹን ሙቀት ጨምሩና ሳጥኑን ዝጉት። ለስዊድን አየር የተሰላው 1 ዋት እዚህ ድሬ፣ ቀፊራ ገበያ ጓሮ ውስጥ አይሠራም።

ደረጃ 3፦ የሚችለውን ቮልት እዩ

ሁሉም የሚረሳው ይህንን ነው። እኔም ረስቼዋለሁ።

የመጀመሪያ አምፔን ስሠራ 12ኤኤክስ7 በሚባለው ትንሽ ቲዩብ ፕሌት (ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው ክፍል) ላይ ስዕሉ ያለውን 100 ኪሎ ኦም አስገባሁ። ሩብ ዋት ነበር። አስልቻለሁ፦ 1 ሚሊ አምፔር ሲያልፍበት 100 ቮልት ይቆምበታል፣ ኃይሉ 0.1 ዋት ነው፣ ሩብ ዋት በቂ ነው። አምፑ ከዚራ ሰፈር ላለ ጓደኛዬ ቤት ሄደ፣ ለ40 ደቂቃ ቆንጆ ዘፈነ። ከዚያ እንደ ፈንዲሻ መንጣጣት ጀመረ። ቲዩብ ቀየርኩ። ሊዱን ሁሉ እንደገና አቀለጥኩ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አውጥቼ በማጉያ መነጽር ሳየው ከሽፋኑ ጎን ላይ እንደ ጸጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር ነበረች። ቮልቱ በውስጡ ዘልሎ መንገድ ሠርቷል።

ሬዚስተር ከዋት ሌላ የቮልት ጣሪያም አለው። ተራ ሩብ ዋት ብዙውን ጊዜ 250 ቮልት ነው፤ ትንንሾቹ 200 ብቻ። ግማሽ ዋት 350፣ 1 ዋት ደግሞ 500 አካባቢ ይችላል። የፕሌት ሬዚስተር ላይ 100 ቮልት የሚኖረው አምፑ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ነው። ጊታር ስትመቱት ቮልቱ ከታች ወደ ላይ ይወዛወዛል፣ ከ200 ሊያልፍ ይችላል። ቲዩቡ ሾርት ካደረገ ደግሞ 300ው በሙሉ እዚያ ላይ ያርፋል፣ 0.9 ዋት ይሆናል።

ትእዛዙ፦ ቲዩብ ፕሌት ላይ 1 ዋት አስገቡ። ለዋቱ ሳይሆን ለቮልቱ።

*1 ዋት ካላገኛችሁ፦* ሁለት 47 ኪሎ ግማሽ ዋት በተከታታይ ቀጥሉ። 94 ኪሎ ይሆናል፣ ከ100 ጋር ልዩነቱ በጆሮ አይሰማም። ቮልቱን ለሁለት ይካፈሉታል። መገጣጠሚያቸውን ግን በሽፋን ሸፍኑት፣ እዚያ ላይ ብዙ ቮልት አለ።

ደረጃ 4፦ ዓይነቱን በቦታው ምረጡ

ገበያ ላይ የምታዩዋቸው አምስት ናቸው።

*ሜታል ፊልም።* አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ፣ 5 ቀለበት፣ ስህተቱ 1 በመቶ። ጸጥተኛ ነው።

*ካርቦን ፊልም።* የገለባ መልክ ያለው፣ 4 ቀለበት፣ መጨረሻው ወርቃማ፣ 5 በመቶ። ትንሽ ይጮኻል (ሽሽታ አለው)፣ ርካሽ ነው፣ ይሠራል።

*ካርቦን ኮምፖዚሽን።* ከአሮጌ ሬዲዮ የሚወጣው ቡናማ፣ ወፍራም፣ ጫፉ ቀጥ ብሎ እንደ በርሜል የተቆረጠው። ስለ እሱ ብዙ የምለው አለኝ፣ ከታች እመለስበታለሁ።

*ሜታል ኦክሳይድ።* ከ1 እስከ 3 ዋት፣ ሙቀት ይችላል፣ በቀላሉ እሳት አይይዝም።

*ሽቦ የተጠመጠመበት።* ነጭ የሴራሚክ ጡብ የሚመስለው። 5 ዋትና ከዚያ በላይ።

አሁን ቦታ ቦታቸው።

ፔዳል፦ ሁሉንም ሜታል ፊልም ሩብ ዋት አድርጉት። በቃ። ካርቦን ፊልም ብቻ ካላችሁም ሥሩበት፤ ብቻ የመጀመሪያው ትራንዚስተር ወይም አይሲ ዙሪያ ያሉትን ሜታል አድርጉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የመጀመሪያውን ጩኸት እያጎላ ነው የሚያስተላልፈው። ለኤልኢዲው (ለትንሿ መብራት) 4.7 ኪሎ፣ ማንኛውም ዓይነት።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ልብ በሉ። ኦሙ ራሱ ጩኸት አለው። የትኛውም ዓይነት ይሁን፣ 1 ሜጋ ኦም ብቻውን በጆሮ ክልል ውስጥ 18 ማይክሮ ቮልት ገደማ ሽሽታ ያመነጫል። ከግቤቱ ወደ ግራውንድ የወረደው 1 ሜጋ አያሳስባችሁ፤ ጊታር ሲሰካ ፒክአፑ (ጊታሩ ላይ ያለው የድምፅ መቀበያ) ያንን ሽሽታ ይውጠዋል። የሚያሳስበው ሲግናሉ መንገድ ላይ በተከታታይ የገባው ነው። እዚያ ስዕሉ 10 ኪሎ ካለ «ትልቅ ይሻላል» ብላችሁ 100 አታስገቡ።

ቲዩብ አምፕ፣ የመጀመሪያው ቲዩብ፦
- ፕሌት 100 ኪሎ፦ ሜታል ፊልም 1 ዋት። ጩኸትን የሚወስነው ዋናው ቦታ ይህ ነው፤ የካርቦን ተጨማሪ ጩኸት በላዩ ካለው ቮልት ጋር አብሮ ያድጋል፣ እዚህ ደግሞ 100 ቮልት አለ።
- ካቶድ 1.5 ኪሎ፦ ሜታል ፊልም ሩብ ዋት። 1.5 ቮልት ነው ያለው።
- ግሪድ (ሲግናሉ የሚገባበት የቲዩቡ ክፍል) ላይ በተከታታይ የሚገባው 68 ኪሎ፦ ሜታል ፊልም ግማሽ ዋት። ሽቦ የተጠመጠመበት በፍጹም አታስገቡ።

ትልቁ ቲዩብ፦ ካቶዱ 5 ዋት ሽቦ የተጠመጠመበት። ስክሪኑ (የቲዩቡ ሁለተኛ ግሪድ) ላይ 470 ኦም፣ ሜታል ኦክሳይድ 2 ወይም 3 ዋት። ቲዩቡ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚቃጠለው የስክሪኑ ሬዚስተር ስለሆነ እሳት የማይይዘውን ዓይነት እመርጣለሁ።

የኃይል ክፍል፦ በካፓሲተሮቹ መካከል የሚገባው 10 ኪሎ፣ ሜታል ኦክሳይድ 3 ዋት። ሲሠራ ሩብ ዋት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ስታበሩት ግን ባዶ ካፓሲተር እየሞላ ስለሆነ ለቅጽበት ብዙ ይሸከማል። ካፓሲተሩን የሚያራግፈው 220 ኪሎ፣ 2 ዋት። ስዕላችሁ ላይ ከሌለ ጨምሩት። 47 ማይክሮ ፋራድ ላይ ከሆነ 300ውን ቮልት በ50 ሰከንድ አካባቢ ወደ 2 ያወርደዋል። ቢሆንም ሁልጊዜ ለኩ፤ እሱም ሊበጠስ ይችላል።

ስለ «አሮጌው ድምፅ»

ብዙ ልጆች የተጣለ ሬዲዮ እየፈቱ ካርቦን ኮምፖዚሽን ይለቅማሉ። «የድሮ ቃና አለው» ይሉኛል። እውነትነት አለው፣ ግን ጠባብ ነው። ይህ ዓይነት በላዩ ያለው ቮልት በጣም ሲወዛወዝ ኦሙ በጥቂቱ ይቀያየራል፣ ያ ደግሞ ትንሽ ለስላሳ ዲስቶርሽን ይጨምራል። ለዚህ ግን በመቶ የሚቆጠር ቮልት ሊወዛወዝበት ይገባል። 9 ቮልት ፔዳል ውስጥ የምታገኙት ሽሽታውን ብቻ ነው። ወላሂ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አትለዩትም።

ካማራችሁ አንድ ቦታ ብቻ ሞክሩት፦ ከትልቁ ቲዩብ በፊት ባለው የመጨረሻ ትንሽ ቲዩብ ፕሌት ላይ። እዚያ ሲግናሉ ትልቅ ነው፣ ጩኸቱም ከዚያ ወዲህ ብዙ አይጎላም። ከማስገባታችሁ በፊት ለኩት። ያረጀ ኮምፖዚሽን እርጥበት ስቦ ኦሙ ወደ ላይ ይሄዳል፤ 100 ኪሎ የተባለው 130 ሲያወጣ ስንቴ አይቻለሁ። ሲበየድም ሙቀት አይወድም።

ደረጃ 5፦ ሲገዙ

ከቀትር በፊት ሂዱ። ከምሳ በኋላ ድሬ በሯን ዘግታ ወይ ትተኛለች ወይ ትቅማለች። ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ የተደባለቀ የሬዚስተር ፓኬት ጠይቁ፣ 600 ፍሬ በ30 ዓይነት የሚባለውን። ለፔዳል ዓመት ይበቃችኋል። 1 ዋትና ከዚያ በላይ ያለውን ግን ለብቻው በፍሬ ግዙ።

ዋቱን በአፍ አትመኑ። «ሩብ ዋት ነው?» ብዬ ስጠይቅ አንዱ ልጅ «አቦ ሬዚስተር ሬዚስተር ነው፣ ምን ታደርቀኛለህ» ብሎኛል። በዓይን ለዩት። ሩብ ዋት ሽቦውን ሳይጨምር 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የስንዴ ፍሬ ያህላል። ግማሹን ካከለ ስምንተኛ ዋት ነው። ግማሽ ዋት 9 ሚሊ፣ 1 ዋት ከ11 እስከ 12፣ 2 ዋት 15 አካባቢ። አንዳንዱ ሽቦው ማግኔት ይይዛል፣ ብረት ነው ማለት ነው። አትደንግጡ፣ ይሠራል፤ ብቻ ሲታጠፍ ይጠነክራል።

ከተጣለ ዴክና ቴሌቪዥን የምታወጡ ከሆነ፣ ትልልቆቹን ሴራሚክና ሜታል ኦክሳይድ ውሰዱ። ትንንሾቹ ድካሙን አያወጡም።

ደረጃ 6፦ አንድ በአንድ ለኩ

ቀለበት ማንበብ ብቻውን ያሳስታል፣ በተለይ ሰማያዊዎቹ ላይ። 100 ኪሎ ሜታል ፊልም ቡኒ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ፣ ቡኒ ነው። ሁለቱም ጫፍ ቡኒ! ገልብጣችሁ ካነበባችሁት ቡኒ፣ ብርቱካናማ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ቡኒ፣ ማለትም 130 ኦም ይሆናል። ሁለቱም በእውነት ያሉ ቁጥሮች ናቸው። አምፖል ሥር ደግሞ ቀይና ብርቱካናማ አይለዩም። ስለዚህ፦

1. የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፍ አገናኙ። 0.3 ወይም 0.5 ካሳየ ከትንንሾቹ ኦሞች ላይ ቀንሱት።
2. ሬዚስተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። በሁለት እጅ ጨብጣችሁ አትለኩ። ሰውነታችሁም ሬዚስተር ነው። በላበት እጄ ይዤ 1 ሜጋው 600 ኪሎ ሲያሳየኝ አንድ ፓኬት ሙሉ ልመልስ ተነስቼ ነበር።
3. ቦርድ ላይ የተበየደውን አትለኩ፤ ሌላው ዕቃ ያሳስታችኋል። አንድ እግሩን አንሱ።
4. የለካችሁትን ወረቀት ላይ በክሊፕ ሰክታችሁ ቁጥሩን ጻፉ።

ደረጃ 7፦ ሲበይዱ

- ከ1 ዋት በላይ ያለውን ከቦርዱ 5 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጉ። ተለጥፎ ከተቀመጠ ቦርዱን ያጠቁረዋል።
- ትልልቁን ከኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር አርቁት። ካፓሲተሩ በሙቀት ይደርቃል።
- እግሩን ከሥሩ አትጠፉ። 2 ሚሊ ተዉለትና በጉጠት ይዛችሁ እጠፉ።
- 68 ኪሎውን ከግቤቱ ጃክ ዘንድ ሳይሆን የቲዩቡ ሶኬት እግር ላይ በየዱት፣ አጭር አድርጋችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል።
- ካውያው (የመበየጃው ብረት) ከ3 ሰከንድ በላይ አይቆይ።

ደረጃ 8፦ ማብራትና መለካት

ጊታር ሳትሰኩ አብሩ። ለ2 ደቂቃ አሽትቱ፣ እዩ፣ ስሙ። ጭስ ወይም ሽታ ካለ ወዲያው ንቀሉ። ደህና ከሆነ ከሻሲው ወደ እያንዳንዱ ፕሌትና ካቶድ ለኩ። በ300 ቮልት ምንጭ 12ኤኤክስ7 ፕሌቱ 200 አካባቢ፣ ካቶዱ 1.5 አካባቢ ነው የሚሆነው። የለካችሁትን በሳጥኑ ክዳን ውስጥ በእርሳስ ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት ሲበላሽ ሰዓታት ያተርፍላችኋል።

ሲበላሽ

*ሽሽሽ የሚል ከሆነ።* መጀመሪያ የመጀመሪያውን ቲዩብ በሌላ ቀይሩ፤ ከሬዚስተር ይልቅ ቲዩብ ነው የሚጮኸው። ካልጠፋ የፕሌቱን ሬዚስተር በሜታል ፊልም ቀይሩ። ከዚያ 68 ኪሎውን። ሁሉንም በአንዴ አትቀይሩ፣ የትኛው እንደነበር አታውቁም።

*ከሞቀ በኋላ የሚንጣጣ ከሆነ።* ደረጃ 3 ላይ የተናገርኩት ነው። በርቶ ሳለ የፕሌት ሬዚስተሮቹን በደረቅ እንጨት በቀስታ ነካ ነካ አድርጉ። ደረቅ ነው ያልኩት፤ መፋቂያ አይሆንም፣ እርጥብ ነው። የሚንጣጣው ስትነኩት ከሆነ መጀመሪያ ሊዱን እንደገና አቅልጡ። በራሱ ጊዜ ከሆነ ሬዚስተሩን ቀይሩ።

*የሚያፏጭ ከሆነ።* ቮልዩም ሲጨምር ፉጨት ከመጣ 68 ኪሎው ሶኬቱ ላይ መሆኑን እዩ። ከራቀ አስጠጉት።

*ምንም ድምፅ ከሌለ።* ፕሌቱ ላይ 300ው በሙሉ ካለ ወይ ቲዩቡ አልሠራም፣ ወይ 100 ኪሎ ባላችሁት ቦታ 130 ኦም አለ። ንቀሉ፣ አራግፉ፣ አንድ እግሩን አንስታችሁ ለኩ። ፕሌቱ ዜሮ ከሆነ ሬዚስተሩ ተበጥሷል።

*ከጠቆረ።* ቀይራችሁ ብቻ አታብሩ። የስክሪኑ ከሆነ ትልቁ ቲዩብ ሾርት አድርጓል፤ አብራችሁ ቀይሩት። የካቶዱ ከሆነ ከፊቱ ያለው ካፕሊንግ ካፓሲተር (ሲግናሉን ብቻ አሳልፎ ቋሚውን ቮልት የሚያግደው) ቮልቱን እያሳለፈ ሊሆን ይችላል፦ ትልቁን ቲዩብ ንቀሉና ግሪዱ ላይ ለኩ፣ ፖዘቲቭ ቮልት ካለ ካፓሲተሩን ጣሉት።

*ፔዳል ላይ መግቢያው ያለው 100 ኦም ከተቃጠለ።* አስማሚው (አዳፕተሩ) ተገልብጦ ተሰክቷል። አብዛኛው የጊታር ፔዳል መሃሉ ኔጌቲቭ ነው፣ ከሱቅ የምታገኙት ተራ አስማሚ ደግሞ ብዙውን ጊዜ መሃሉ ፖዘቲቭ። መከላከያው ዳዮድ ሌላውን አድኖ ሬዚስተሩን አቃጥሎላችኋል፤ 0.7 ዋት ሩብ ዋት ላይ ጭኖበት። 100 ኦሙን ቀይሩ፣ ዳዮዱንም ለኩ፣ እሱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ ሳጥኑ ላይ ከመግቢያው ጎን «መሃሉ ኔጌቲቭ» ብላችሁ በማይለቅ ቀለም ጻፉ።